የባጂዬ ምንቃር ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባጂዬ (ቤት የማረባት ትንሽ በቀቀን ወፍ) ምንቃር ጥግ ሻክሮ ነጭ ሆኗል። ቫዝሊን ልቀባት?

መልስ፦ በባትሪ ጠጋ ብለህ እየው። እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ከሆነ ቆዳ የሚቦረቡር ጥቃቅን ተባይ ያመጣው እከክ ነው። ችላ ከተባለ ምንቃሯ ይጣመማል። የእንስሳት ሐኪም አይቨርመክቲን (ተባይ የሚገድል መድኃኒት) በክብደቷ መጥኖ ማጅራቷ ቆዳ ላይ ያንጠባጥባል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይደገማል። የከብቱን በግምት እንዳትሰጣት! 35 ግራም ለምትመዝን ወፍ ትንሽ ትርፍም ሊገድላት ይችላል። ቫዝሊኑ ደግሞ ላባዋን ያጣብቃል።

ጠያቂው፦ እግሯም ላይ ጀምሯል፤ ያው ነው?

ሌላ መልስ፦ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ያው ነው። አብረዋት ያሉትም ይታከሙ፤ የእንጨት መቆሚያውን ቀይር። ቅርፊቱን አትላጠው፣ ይደማል። አፍንጫዋ ላይ ብቻ ቡናማ ሆኖ እንደ ስፖንጅ ካልተበሳሳ ግን እንቁላል ልትጥል የተዘጋጀች ሴት ላይ የተለመደ ነው፤ ተዋት።