ሌሊት ለሚገባ መንገደኛ ክፍል የሚያዘው ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በየትኛው ሰፈር ነው?

ሰላም፣ እርዱኝ። አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሰዓት ትኬቱ ላይ ቅዳሜ 00፡40 ይላል፤ ማለትም ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40። ከተማውን ጨርሶ አላውቀውም። ፓስፖርት ማስመታትና ሻንጣ መጠበቅ 1 ሰዓት፣ ታክሲው 40 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሆቴል የምደርሰው 8፡20 ነው።

ክፍሉ ከዓርብ ጀምሮ መያዝ እንዳለበት ገብቶኛል። ከቅዳሜ ከተያዘ መግቢያው ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሚሆን 12 ሰዓት ያህል ሎቢ ላይ መጎለት ነው (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል)። የሚያሳስበኝ ግን፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያልደረሰ እንግዳ ቀርቷል ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥ መቻሉ ነው። የበረራ ቁጥሩንና የምደርስበትን ሰዓት ጽፌ ማረጋገጫ ብቀበል ይበቃል ወይስ በዕለቱም ልደውል?

ሰፈሩም አልተወሰነም። የከተማው ጭፈራ ቤቶች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይዘጋሉ። በእግር 10 ደቂቃ ርቀት ላይ ካደርኩ ሻንጣዬን ጥዬ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቅ ማለት እችላለሁ፤ ጫጫታው ግን እንቅልፍ ይነሳል። ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል መጠየቅ ለውጥ ያመጣል? ወይስ የመጀመሪያዋን ሌሊት ኤርፖርቱ አጠገብ አድሬ ጭፈራውን ለቅዳሜ ማታ ልተወው? ጭፈራ ቤቱ በር ላይስ የፓስፖርት ቅጂ ይቀበላሉ ወይስ ዋናውን ይዤ ልውጣ?