የድሮ ጭቃ ቤት የውጭ በር ልንቀይር ነው፤ መቃኑ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ የአፍንጮ በር ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ቤት አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ ነው፤ የድሮ ጭቃ ቤት፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ ውጩ በሲሚንቶ የተለሰነ። ካርታ አለው። የፊት በሩ ባለ ሁለት ተከፋች እንጨት ነው። ክረምት ሲመጣ ያብጥና በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም፣ በበጋ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል። ዘንድሮ የግራው ተከፋች ታች በኩል በሰበሰ፤ መቃኑም እግሩ ላይ በካቻቪቴ ሲወጋ ይሰረጉዳል። ያናገርነው በያጅ «ሁሉንም ነቅለን ብረት እንገጥማለን፣ በአንድ ቀን ያልቃል» ብሎናል። እናቴ የብረት በር እስር ቤት ይመስላል ብላ እንቢ አለች፤ እኔ ደግሞ ሌባ ያሳስበኛል። መቃኑ ሲነቀል ግድግዳው አይወርድም? ክፍቱ ወርዱ 1 ሜትር ከ12፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ30 ነው።

መልስ፦ በያጁ ከቂርቆስ
እህቴ፣ ብረት በጭቃ ቤት ይሆናል፤ ጣጣው ክብደቱ ነው። 1.2 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ያንቺ ክፍት 2.6 ካሬ ያህል ስለሆነ በሁለቱም ፊት ላሜራ ከለበሰ ቱቦላሬውን (የፍሬሙን ባዶ ብረት) ጨምሮ ወደ 70 ኪሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጭቃ ውስጥ በተቀበሩ የብረት ጥርሶች ላይ ከተንጠለጠለ በሩ በተዘጋ ቁጥር ልስኑ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬሙ እስከ ወለል ወርዶ እግሩ ኮንክሪት ላይ ይቁም፤ ሸክሙ ወደ መሬት ይውረድ፣ ግድግዳው ሚዛን ብቻ ይጠብቅለት። ላሜራው በአንድ ፊት ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ሰውየው ስንት ሚሊ እንደሚጠቀም ዋጋው ወረቀት ላይ ይጻፍልሽ፤ 1.2 ተብሎ 0.8 የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ በዓይን አይለይም። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ከውስጥም ከውጭም ይቀባ፣ በተለይ ታችኛው ጠርዝ ላይ።

መልስ፦ ጡረተኛው አናጢ
ልጄ፣ ከብረትና ከእንጨቱ ክርክር በፊት መቃኑ ምን እንደተሸከመ እዪ። በጭቃ ቤት የበሩ መቃን ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆምም፤ ማገሩ በግራና በቀኝ ተቸንክሮበታል፣ ከላይ ያለውም ጭቃ የሚያርፈው በላይኛው አግዳሚ ላይ ነው። ያ ልጅ በመዶሻና በዲጂኖ መትቶ ከነቀለው ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ ሊወርድ ይችላል። «በአንድ ቀን» የሚለው ነገር እኔን አላማረኝም። ከአግዳሚው በላይ ልስኑን በጥንቃቄ ትንሽ ከፍታችሁ ተመልከቱ። የግድ የሚነቀል ከሆነ በመጀመሪያ ከውስጥም ከውጭም ባህር ዛፍ ይደገፍበት፣ ማገሩም በመጋዝ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት።

ግን እኔ ብሆን አልነቅለውም። የድሮ ሰው መቃን የሚሠራው ከሐበሻ ጽድ ወይም ከዝግባ ነበር፤ ላይኛው ክፍል ጤነኛ ከሆነ ዛሬ ገበያ ላይ ያን የሚያህል ደረቅ እንጨት ማግኘት ከባድ ነው። የበሰበሰውን እግር ጤነኛው እስኪገኝ ቁረጡ፤ አቆራረጡ ሰያፍ ሆኖ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ውሃ እንዳይቋጥር። በደረቅ ጽድ ቀጥሉት፣ በሙጫና በሁለት ቡሎን ይያዝ። የፈረንጅ ጽድ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ያ ቶሎ ይበላል። እግሩ መሬት አይንካ፣ ድንጋይ ላይ ይረፍ። መቃኑን ደግሞ ከታች እስከ ላይ አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም የጭቃ መስመር ግድግዳው ላይ ካየሽ ምስጥ ነው፣ ያኔ ምክሬ ይለወጣል።

መልስ፦ ሳይት መሐንዲስ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘለላችሁ። በሩን ያበሰበሰው ውሃ ከየት መጣ? አዲስ በርም እዚያው ውሃ ላይ ከቆመ እንጨት ከሆነ ይበሰብሳል፣ ብረት ከሆነ ይዝጋል። በእነዚህ ሰፈሮች ደጋግሜ የማየው፣ ግቢው በየጊዜው ሊሾ ሲደረብበት ከደፉ እኩል ይሆናል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ታዲያ መሄጃ ሲያጣ በሩ ሥር ይተኛል። ደፉ ከግቢው ቢያንስ 10 ሴንቲ ከፍ ይበል። ካልሆነ በሩ ፊት ያለውን ሊሾ ሰብራችሁ ተዳፋቱን ወደ ውጭ አዙሩ፣ ከላይም አሸንዳና አጭር ቆርቆሮ ይኑረው። ሌላው፣ ሲሚንቶ ልስን የገባውን እርጥበት ቶሎ አያስወጣም። በመቃኑ ዙሪያ የምትሞሉት በጭድ የተቦካ ጭቃ ይሁን፤ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አይያያዝም፣ ይላቀቃል።

መልስ፦ የሰባ ደረጃ ነዋሪ
እኔ ዝግጁ በር አይቼ ነበር። በብዛት የሚሸጠው ለ90 በ2 ሜትር ከ10 የሚሆን ነው፤ ላንቺ ክፍት ሁለቱንም ጎን ማጥበብና ከላይ 20 ሴንቲ መሙላት ሊኖርብሽ ነው፣ ስለዚህ ተይው። ማጠፊያና የድሮ መወርወሪያ ምን አለሽ ተራ ይገኛል፣ ከአዲሱ ቀጭን ዕቃ ይሻላል። ለሌባው ጉዳይ ለእናትሽ እንጨቱን አቆይተሽ ከውስጥ በኩል ላሜራ ማልበስ ትችያለሽ፤ ግን ማጠፊያው ቁጥሩ ይጨመር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የማጠፊያው ፒን ይበየድ፣ አለበለዚያ ከውጭ ይነቀላል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቤቱ በቅርስነት መመዝገብ አለመመዝገቡን አጣሪ። አፍንጮ በር አካባቢ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ፤ የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ መለወጥ በአዋጅ 209/1992 የተከለከለ ነው። መንገድ ዳር ከሆናችሁ ቀለሙንም ወረዳ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ ኮሪደር ልማት ባለፈበት ቀለም በምርጫ አይደለም።

ጠያቂ፦ የአፍንጮ በር ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንኳኳሁት፣ ከጉልበት በላይ ጠንካራ ነው፣ የምስጥ መስመርም የለም። ሊሾው በእርግጥ ከደፉ እኩል ሆኗል፤ አባቴ በሕይወት እያለ ነው የተደረበው። እንግዲህ እግሩን እናስቀጥላለን፣ የግራው ተከፋች አዲስ ይሠራል። አሁን ሐምሌ ላይ ብናሠራው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ጡረተኛው አናጢ
አሁን እንጨቱ አብጧል፤ ዛሬ ልክ ብለሽ ያስገጠምሽው ታኅሣሥ ላይ ይሰፋል። ሊሾውን ግን አሁኑኑ አስሰብሪው፣ ዝናብ እያለ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በዓይንሽ ታያለሽ። የበሰበሰውን እስከዚያው በጣውላና በቆርቆሮ ሸፍኑት። አናጢ ጥቅምት ላይ ጥሪ፤ በተከፋቹና በመቃኑ መካከል 3 ሚሊ ያህል ይተው፣ ታችኛው ጠርዝ ሳይገጠም በፊት ቀለም ይቀባ፣ በሩ ከቆመ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። የድሮውን ቀለም የምትፍቁት አርጥባችሁ ይሁን፤ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ሕፃናት አቧራው አጠገብ አይድረሱ።