ከወጣት በጎ ፈቃደኞች ጋር በደጋ ላይ አንድ ክረምት መኖርና መሥራት፦ ምን አስቀድሞ ይዘጋጅ?

ጥያቄ፦ አስተባባሪ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ክረምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ አካባቢ ለሚሄድ የበጎ ፈቃድ ቡድን አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤአለሁ። አባላቱ 24 ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አዲስ ተመራቂዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ለክረምቱ በተዘጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ እናድራለን፤ ቀን ቀን ከቀበሌው ነዋሪ ጋር የተናደ እርከን እንጠግናለን፣ ችግኝም እንተክላለን።

ሥራውን ባለሙያዎች እንደሚያሳዩን ስለተነገረን እሱ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ኑሮው ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ቡድን የመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ፣ ወጣቱ ጭቃውንና ብርዱን እንደሚችለው፣ ነገር ግን በምግብ፣ በመኝታና በሥራ ክፍፍል ሰበብ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጎራ ለይቶ መኮራረፍ እንደሚጀምር ነው። ምግቡን ማን ያብስል? ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን የሚጾሙ፣ የማይጾሙና ሙስሊም የሆኑ አባላት በአንድ ማዕድ እንዴት ይስተናገዱ? ደመወዝ ለማይከፈለው ሰው «ሥራህን አልሠራህም» ለማለትስ ሥልጣኔ እስከ ምን ድረስ ነው? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፣ ከአርባ ምንጭ

ሥራውን ለባለሙያ ትተው ኑሮውን ለራስዎ መውሰድዎን አልስማማበትም። ባየኋቸው ቡድኖች ማታ ወጥ ቤት ውስጥ የሚፈነዳው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነሰሰው ቀን ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ቆፋሪው ለምን እንደሚቆፍር ሳያውቅ ሲውል፣ መሣሪያው ለግማሹ ብቻ ደርሶ ሌላው ቆሞ ሲመለከት፣ ወይም ችግኝ የጫነው መኪና እስከ እኩለ ቀን ቀርቶ ሁሉም ብርድ ላይ ሲጠብቅ። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ስንት ዶማ፣ ስንት አካፋ እንደሚቀርብ ጠይቀው ይወቁ። ለ24 ሰው 10 ዶማ ብቻ ካለ ቡድኑን በሦስት ይክፈሉት፤ አንዱ ሲቆፍር ሌላው ድንጋይ ያቅርብ፣ ሦስተኛው ችግኝ ያመላልስ፤ ይህንንም በየቀኑ ያቀያይሩ።

ጋሞ ደጋ ላይ ከማንኛውም ሥራ የሚቀድመው ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ የማኅበረሰቡ ጉዳይ የሚመከርበት አደባባይ ስለሆነ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት በኩል የደረሰ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ቡድኑ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ራሱን ያስተዋውቅ፣ የማን ማሳ እንደሚነካና ችግኙን ከእናንተ በኋላ ማን ከከብት እንደሚጠብቀው እዚያው ይነገር። ወጣቶቹም በየጓሮው ያለው እንሰት የቤተሰቡ ቀለብ መሆኑን አውቀው በመካከሉ አቋርጠው እንዳይሄዱ አስቀድመው ይምከሯቸው። በየኮረብታው ከሚታዩት ትናንሽ ጥቅጥቅ ያሉ ደኖች ከፊሎቹ ደግሞ በባህሉ የተከበሩና እንጨት የማይቆረጥባቸው ናቸው፤ ለማገዶም ሆነ ለሽርሽር ሳይጠይቁ መግባት ሰውን ያስቀይማል፤ አንዴ ከተቀየመ ነዋሪ ጋር እርከን መሥራትም አይቻልም።

በእርከን ሥራ የከተማ ልጅ የሚስተው ጉልበቱን ሳይሆን ልኬቱን ነው። በዓይን ግምት የተዘረጋ እርከን ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ውሃ ይሰበስብና ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ከበታቹ ያለውን ማሳ ይዞ ይሄዳል። ቁመታቸው እኩል በሆኑ ሁለት እንጨቶች መካከል ክር ወጥሮ፣ መሐሉ ላይ ውሃ ልክ የሚባለውን የደረጃ መለኪያ አንጠልጥሎ መስመር ማውጣት ለሦስት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ ሁለቱ እንጨት ይይዛሉ፣ አንዱ ያነባል። ለቁፋሮ የማይበረታ ወጣት እዚህ ቦታ ላይ ከጉልበተኞቹ ይልቅ ሊጠቅም ይችላልና ይህን ሥራ «የሰነፎች» እንዳያስብሉት። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ እርከኑ ትርፉን ውሃ በቀስታ ወደ ማፋሰሻ ቦይ እንዲወስድ መጠነኛ ዝንባሌ ይሰጠዋል፤ መጠኑን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይወስን እንጂ ቡድኑ በድምፅ ብልጫ አይወስነው።

ስለ ችግኝ የምለው አጭር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ በቁጥር የመወዳደር ስሜት ወደ ትንንሾቹ ቡድኖችም ወርዷል፤ በዚህ ጥድፊያ ፕላስቲኩ ሳይወልቅ፣ ሥሩም ታጥፎ የሚቀበር ችግኝ ጥቂት አይደለም። ለቡድንዎ የቀን ኮታ አያውጡ። ይልቁንም እያንዳንዱ ንዑስ ቡድን የተከለበትን ቦታ መዝግቦ ከመመለሱ በፊት ምን ያህሉ እንደጸደቀ ዞሮ ይይ።

መልስ 2፦ የቀድሞ የቡድን አባል፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ባለሙያው የተናገሩት ትክክል ነው፤ ወጥ ቤቱ ግን የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። ተራ በጽሑፍ ካልወጣ ምግብ ማብሰሉ ማንም ሳይናገር ሴቶቹ ላይ ይወድቃል፤ ቀን እኩል ቆፍረው የመጡ ልጆች ማታ ሽንኩርት እየከተፉ ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ ማየት የሚፈጥረው ቅሬታ ደግሞ በይቅርታ ብቻ አይሽርም። አብሳይ፣ ውሃ ቀጂና ዕቃ አጣቢ በየቀኑ እየተፈራረቁ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ይሁኑ፤ የዕለቱ ተረኞችም ከቁፋሮ ነፃ ይደረጉ። አስተባባሪዋም በተራው ትግባ።

ስለ ማዕዱ ያለኝ ምክር የጋራው ድስት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጾም ምግብ እንዲሆን ነው። ሥጋ ከጋራው በጀት አይገዛ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ፣ አንድ በግ ተገዝቶ ቡድኑን ሊያስደስት ታስቦ ለሁለት የከፈለበትን ጊዜ ብዙዎቻችን እናውቃለን። እንቁላልና ወተት ለሚፈልግ በተለየ መጥበሻና በተለየ ሰዓት ይዘጋጅ። በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ አባላት ከባዱን ሥራ በጠዋት ጨርሰው ከእኩለ ቀን በኋላ ምዝገባና የመሣሪያ ጥገና ቢሰጣቸው ይሻላል፤ ጾሙን ማላላት አለማላላት ግን የእነሱና የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው፤ አስተባባሪ አይገባበትም።

ከ2,500 ሜትር በላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ክክና ባቄላ ለመብሰል ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ ይፈጃሉ። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ከአካባቢው የሚገዛ ድንች ያዋጣሉ። ቡታጋዝ ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው፤ ቀን ችግኝ እየተከሉ ማታ የነዋሪውን ማገዶ መሻማት ለትዝብት ይዳርጋል። የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ይፈላ፤ በዚህ ከፍታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት በማይቻልበት ቀን በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ተጠቀሙ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ አር ኤስም ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ አይጥፋ።

የሴቶች መኝታ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ይሁን፤ መጸዳጃ ቤቱም መቀርቀሪያና መብራት ይኑረው። ሞዴስ በግል ከሚያዘው ሌላ በጋራ ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ገበያው ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ገንዘብ ለመጠየቅ የምታፍር ልጅም አትጠፋም። እርጥብ ልብስ በመኝታ ክፍል እንዳይሰቀል ከመጀመሪያው ቀን ሕግ ይሁን፤ አንዱ ሲያስል ክፍሉ በሙሉ ሲያስል የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 3፦ የ1967 ዘማች፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ፣ ስለ ሥልጣን ስለጠየቅሽው ብቻ ልመልስ። እኛ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ስንላክ፣ ቁጥራችን ከመምህራኑ ጋር ወደ 60,000 ይደርስ ነበር፤ ዘመቻውም በመንግሥት ትእዛዝ የተደረገ እንጂ በፈቃድ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ አስተምረናል፣ መጸዳጃ ቆፍረናል፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም ገበሬውን በማኅበር አደራጅተናል። ትእዛዝ፣ ደንብና የጣቢያ ኃላፊ ሁሉ ነበሩን። ይህ ሁሉ እያለ ከዘማቹ ብዙው ጣቢያውን ጥሎ ሄዷል። የቀረውን ያቆየው አብሮት ከሚያድረው ጓደኛውና ከተቀበለው ገበሬ ጋር የነበረው መተዋወቅ ነው።

ስለዚህ የሌለሽን ሥልጣን አትፈልጊ። በመጀመሪያው ምሽት ቡድኑ የመነሻ ሰዓቱን፣ የመጠጥን ነገርና የዕረፍት ቀኑን ራሱ ተወያይቶ ይጻፍ፤ ሁሉም ይፈርምበት። አልሠራም ያለውን በሰው ፊት አትጠይቂው፤ ምናልባት ታሞ፣ ምናልባትም ቤተሰቡ አንድ ነገር ደርሶባቸው ይሆናል። ሌላ ሥራ ስጪውና ሁለት ቀን ታገሺው። አባል ወደ ቤቱ እንዲመለስ መወሰን ካስፈለገ ግን ብቻሽን አትወስኚ፤ ከቡድኑ ሁለት ሰው ጨምሪና ከላከሽ ማኅበር ጋር ተነጋግራችሁ ይሁን። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት አስከብሪ፤ ወጣት ደከመኝ ማለት ያፍራል፣ ድካሙም በቁጣ ይወጣል።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም፣ በተለይም እርስዎን አባቴ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ኮታ ላለማውጣትና ድስቱን የጾም ለማድረግ ወስኛለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በጎፋ ዞን ከደረሰው የመሬት መንሸራተት ወዲህ ወላጆች ስለ ክረምቱ ዝናብ አጥብቀው ይጠይቁኛል፤ ምን ልበላቸው?

መልስ 1፣ በድጋሚ፦

ስጋታቸው ተገቢ ነው ይበሏቸው። በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው የሞተው አብዛኛው በመጀመሪያው ናዳ አልነበረም፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሕዝብ ላይ መሬቱ እንደገና በመናዱ ነው። ስለዚህ የቡድኑ የመጀመሪያ ሕግ ናዳ ወደ ወረደበት ቦታ ማንም ለእርዳታ ሮጦ እንዳይገባና ወዲያውኑ ለቀበሌው እንዲያሳውቅ ይሁን፤ ወጣት በጎ ፈቃደኛን ከዚህ መከልከል ከባድ ስለሆነ አስቀድሞ ይነገረው። ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም አጥር ዘመም ካለ፣ ወይም ጥርት ያለ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ሥራው ይቁምና አካባቢውን ልቀቁ።

መብረቅም አለ። ብልጭታውን አይተው 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓዱን ከሰሙ ዶማና አካፋውን አስቀምጣችሁ ወደ ቤት ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል አይፈቀድ። በደጋው ከባዱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል የተዳፋት ሥራ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 6 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ አድርጉ። ትምህርት ቤቱንም ቡድኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ይየው፤ መማሪያ ክፍሎቹ ከተቆረጠ ተዳፋት ሥር ከሆኑ ወይም የጎርፍ መውረጃ አጠገብ ከሆኑ፣ ወረዳውን ሌላ ማደሪያ ይጠይቁ እንጂ ችግሩን እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ለመፍታት አይተዉት።