ስክራች ላይ ታንኳዋ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ግን ኮዱን አልያዙትም

መምህርት ከሽምብጥ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር ለክረምት ትምህርት ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 20 ልጆችና 8 ላፕቶፕ አለኝ። ኢንተርኔት እንደሌለ ቁጠሩት። ሉፕን (ትእዛዝ መደጋገሚያውን) እና ቫሪያብልን (ዋጋው የሚለዋወጠውን) ለማስረዳት ጣናን የምታቋርጥ ታንኳ ስክራች (ብሎክ እያገጣጠሙ ኮድ የሚሠሩበት የልጆች ፕሮግራም) ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። ዳር ስትነካ ተገልብጣ ትመለሳለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ስለ ኮዱ ስጠይቅ ግን ጭጭ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ዓባይ ማዶ፦
መገልበጡ ቀላል ነው። ታንኳዋ ጠርዝ ነክታ ስትነጥር አቅጣጫዋ ከ90 (ቀኝ) ወደ -90 (ግራ) ይዞራል፤ የመዞሪያ ስልቱ ሙሉ ዙር ላይ ስለተተወ ምስሉም አብሮ ዞሮ በአናቱ ይቆማል። ግራ-ቀኝ ብቻ ያድርጉት።

ለሉፕ ግን መንጠሩን ይተዉና ከደቡብ ወደ ሰሜን ያስኪዷት። የስክራች መድረክ ቁመቱ 360 ነው፤ ዜሮው መሃል ስለሆነ ዋይ (ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ቦታ የሚለካው ቁጥር) ከ-180 እስከ 180 ይደርሳል። ባሕር ዳርን -150፣ ጎርጎራን 150 ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ «30 ጊዜ ድገም፦ ዋይን በ10 ጨምር»። በየዙሩ 0.2 ሰከንድ ማቆያ ካልገባ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ገደማ ያልቃል፣ ዓይን አይከተለውም። የዋይ ዋጋ መድረኩ ላይ እንዲታይ በብሎኮቹ ዝርዝር ውስጥ ከዋይ ብሎክ ጎን ያለችውን ሳጥን ምልክት ያድርጉባት። መነሻውን -150 ማድረግ ከተረሳ ሁለተኛው ሙከራ ከጎርጎራ ይጀምርና ታንኳዋ ላይኛው ጠርዝ ላይ ትቀረቀራለች። ልጆች «ተበላሸ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሄን ነው።

ቀጭን እርሳስ፦
እህቴ፣ ችግሩ ማሳየትሽ ላይ ነው። ያለቀ አኒሜሽን ሲኒማ ነው። አረንጓዴዋ ባንዲራ (ማስጀመሪያዋ) ሳትነካ ግምታቸውን ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ 30ው 25 ቢሆን የት ትቆማለች? (100 ላይ፣ ገና ውሃው መሃል።) 10ሩን 12 ብናደርገው ጎርጎራ ለመድረስ ስንት ዙር ይበቃል? (25።) ግምቱን የጻፈ ልጅ ሲሳሳት ተመልሶ ኮዱን ያነባል።

4 ቡድን በ3፣ 4 ቡድን በ2 መድቢ። አንዱ ማውሱን፣ ሌላው ወረቀቱን ይያዝ፤ በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ፣ አለዚያ ፈጣኑ ልጅ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ደንገል፦
በወረቀቱ እስማማለሁ። 16 ዓመት የሞላቸውን ግን ስክራች ላይ ብዙ አታቆዪ፤ «የሕፃን ጨዋታ» ይሉታል። ፓይተን (በጽሑፍ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ሲጫን ተርትል (በትእዛዝ እየሄደች መስመር የምትሥል «ኤሊ») አብሮ ይመጣል። ሦስት ማዕዘን አስሥያቸው፦ አብዛኞቹ 60 ዲግሪ ያዞሩና አይገጥምም፤ ኤሊዋ የምትዞረው የውጩን ማዕዘን ስለሆነ 120 ነው። ፋይሉን ራሱን «ተርትል» ብለው እንዳይሰይሙት፤ ፓይተን ዋናውን ትቶ የእነሱን ይጠራል።

መምህርት ከሽምብጥ፦
ግራ-ቀኙ ሠርቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስክራችን 8ቱም ላይ በፍላሽ መጫን ይቻላል?

ዓባይ ማዶ፦
ይቻላል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን አንዴ ያውርዱና ይገልብጡት። እሱ በራሱ ሴቭ አያደርግም፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ካለ መብራት ሳይሄድ ቶሎ ቶሎ ያስቀምጡ።