ሞሃች የቡሾ በዓል የሄዳችሁ አላችሁ?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ወንድሜ ሀንጋሪ ፔች ነው የሚማረው፣ ፌብሯሪ ላይ ልጠይቀው ልሄድ ነው ቪዛዬም ወጣ ተመስገን፣ እና እዛ ቅርብ ሞሃች የምትባል ከተማ ቡሾያራሽ የሚሉት በዓል አለ እንሄዳለን አለኝ። ቪዲዮ ሲልክልኝ ደነገጥኩ፣ ቀንዳም ጭምብል ያረጉ ጸጉራም ሰዎች ሴቶቹን ያሯሩጣሉ። እማዬ አይታው «ይሄማ የሰይጣን ነው እንዳትሄጂ» አለች። ምንድነው ነገሩ? ምንስ ልልበስ?

ከዳንዩብ የተመለሰች፦
አይዞሽ እህቴ ሂጂ። እኔም ፔች ነው የተማርኩት፣ ከዛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአውቶብስ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። በዓሉ 6 ቀን ነው ግን እሁዱ እንዳያመልጥሽ፣ ቡሾዎቹ፣ ማለት ጭምብል ያረጉት ሰዎች፣ ዳንዩብን በጀልባ የሚሻገሩት ያኔ ነው፣ ወንዙ ዳር ቀድመሽ ቁሚ። ሳታዪያቸው በፊት ትሰሚያቸዋለሽ፣ ወገባቸው ላይ የላም ቃጭል ነው የሚያስሩት። ጭምብሉ ከአኻያ እንጨት የተፈለፈለ ነው፣ የለበሱት የበግ ለምድ ጸጉሩ ወደ ውጪ ተገልብጦ፣ ሱሪያቸው ውስጥ ገለባ ይጠቀጥቃሉ። አንዱ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ልጮህ ስል ጭምብሉን ብድግ አደረገው፣ ለካ አባቴን የሚያክሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ላብ በላብ ሆነው ፊታቸው ቀልቶ፣ ጉንጬን ነካ አርገውኝ ስቀው አለፉ። ከዛ በኋላ ፍርሃት የሚባል ጠፋ። ወንዙ ዳር ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ወፍራም ካልሲና ቡት ያዢ።

የታቦር ልጅ፦
ለማዘር ቅበላ ነው በያቸው፣ እውነትም ቅበላ ነው። ካቶሊኮቹ ረቡዕ ጾም ይገባሉ፣ በዓሉ ማክሰኞ ማታ አደባባዩ ላይ ትልቅ እሳት ነዶ ብርዱ አለፈ ለማለት የሬሳ ሳጥን አቃጥለው ነው የሚያበቃው፣ ቀኑም ከፋሲካቸው ጋር ስለሚሄድ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ባለቤቶቹ ሾካች የሚባሉ ክሮአቶች ናቸው፣ አያቶቻችን ቱርኮቹን በዚህ ጭምብል ሌሊት አስፈራርተው አባረሩ ብለው ያወራሉ፣ አፈ ታሪክ ነው ግን ሲነግሩሽ ከልባቸው ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 መዝግቦታል፣ የኛ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2015 ነው የገባው። ጉዱማሌ ላይ ፍቼ ስናከብር እንግዳ መጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት ካሜራ ሲደቅን እንዴት እንደሚያበሽቀን ታውቂያለሽ፣ እዛም እንግዳዋ አንቺ ነሽ፣ መጀመሪያ ሰላም በያቸው፣ ሲጎትቱሽም አብረሽ ጨፍሪ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ለእማዬ ቅበላ ነው ብዬ ነገርኳት፣ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ምን ይበላሉ?» አለች።

ከዳንዩብ የተመለሰች፦
ፋንክ በያት፣ ልክ የኛ ቦምቦሊኖ ነው፣ ማርማላታ አርገውበት ትኩስ ትኩሱን።