«ገበያው ፈርዷል»? የኦፕቴን ሞትና የራም ዋጋ

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «ኦፕቴን የማይረባ ዕቃ ነበር፤ ገበያው ፈርዷል» ብሎ ጻፈ። በጣም አናደደኝ። ኦፕቴን የቺፕ አምራቾቹ ኢንቴልና ማይክሮን እ.ኤ.አ. በ2015 ባስተዋወቁት ሜሞሪ የተሠራ ነው፤ መብራት ቢሄድም የያዘውን አይለቅም። በፍላሽ ዲስክና በኤስኤስዲ ውስጥ ካለው ከፍላሽ ሜሞሪም በብዙ ይፈጥናል። መብራት እልም ሲል ስንት ሥራ ከራም (ኮምፒውተሩ ሲበራ ብቻ ከሚይዘው ሜሞሪ) ላይ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የደሴ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?

ፒያሳ ጥገና፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም እላለሁ። ማይክሮን በ2021 ትቶት ወጣ። ኢንቴል በ2022 ሲያቆመው የ559 ሚሊዮን ዶላር ክምችት ከሂሳቡ ሰረዘ። በጊጋባይት ስታሰላው ከፍላሽ በጣም ውድ ነበር። ለፍጥነት ብሎ ያን ያህል የሚከፍል ደንበኛ ካለህ አምጣልኝ። ገበያው ፈርዷል።

የጦሳ ልጅ፦ የቱ ገበያ? በራም ስሎት (መሰኪያ) የሚገባው ኦፕቴን ከኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር ውጭ አይሠራም ነበር። በሩን ራሳቸው ዘግተው ገዢ ጠፋ ማለት ፍርድ አይባልም።

ቦርከና፦ የሜሞሪ ቴክኖሎጂ ድርጅቱን ራምባስን ረሳችሁት። ኢንቴል በ2000 ፔንቲየም 4ን ሲያወጣ ከራምባሱ የራም ዓይነት ከአርዲራም ጋር አስሮት ነበር። ውድ ሆነ። ርካሹ የራም ዓይነት ዲዲአር መጥቶ ጠራርጎ አስወጣው።

ፒያሳ ጥገና፦ ይኸው፣ ቦርከናም ከእኔ ጋር ነው።

ቦርከና፦ አይደለሁም። እኔ የምለው ኢንቴል ከስህተቱ አልተማረም ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ወንድሞቼ፣ ስለሞተው ትከራከራላችሁ፤ እኔ ያለውን መግዛት አቅቶኛል። የሜሞሪ አምራቾቹ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ወደሚውለው ፈጣን ሜሞሪ፣ ወደ ኤችቢኤም ስላዞሩ የተራው ራም ዋጋ ሰማይ ነካ። በዚያ ላይ አንድ ሱቅ ለዲዲአር 4 ላፕቶፕ የአዲሱን ትውልድ ራም፣ ዲዲአር 5 ሸጠልኝ። አልመልስም አለ።

ፒያሳ ጥገና፦ እህቴ፣ በጉልበት እንዳትጫኚው። ራሙ መሃል ላይ ያለው ክፍተት በዲዲአር 4ና በዲዲአር 5 ቦታው ይለያያል። በቀደም አንዱ ስሎቱን ሰብሮ አመጣልኝ።

ቦርከና፦ ኮምቦልቻ ብትገዢ ላፕቶፕሽን ሳያዩ አይሸጡልሽም ነበር።

ፒያሳ ጥገና፦ በአንድ ሱቅ ደሴን አትስደብ! እኔ ሳልፈትሽ ሸጬ አላውቅም።

የጦሳ ልጅ፦ ወሬ አታስቀይሱ። እህታችን የነገረችንን ስማ። ሦስት ድርጅት ፋብሪካውን ወደፈለገው አዙሮ እኛን ባዶ እጃችንን ሲያስቀር፣ ገበያ ፈረደ ትላለህ?

ፒያሳ ጥገና፦ ሦስት ብቻ አይደሉም። የቻይናው ሲኤክስኤምቲም ዲራም (የራም ቺፕ) ያመርታል። ዋጋ ሲወደድ ሌላ አምራች ይገባል፤ ገበያ ማለት ይኸ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ እስኪገባ ድረስ ተማሪው በምን ይሥራ?