የሊንዚ ሎሃንን ፊልሞች ደረጃ እናውጣ፦ ሚን ገርልስን ሦስተኛ ማድረጌ ስህተት ነው?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜና እሁድን ከታናሽ እህቴ ጋር ቤት ተቀምጠን የአሜሪካዊቷን ተዋናይ የሊንዚ ሎሃንን የድሮ ፊልሞች እያከታተልን ስናይ አሳለፍን። ለመዝናናት ብለን የጀመርነው በክርክር አለቀ። እሷ ሚን ገርልስን የሚበልጥ የለም ባይ ናት። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ነው የማደርገው። እስካሁን አልተስማማንምና እስቲ እናንተ ፍረዱን።

መጀመሪያ የማወራው በልጅነቷና በአፍላነቷ ጊዜ ስለወጡት ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ከ1998 እስከ 2006 ያሉት ማለቴ ነው። የኔ ደረጃ እንዲህ ነው፦ አንደኛ ፓረንት ትራፕ፣ ሁለተኛ ፍሪኪ ፍራይደይ፣ ሦስተኛ ሚን ገርልስ፣ አራተኛ ኸርቢ የሚባለው የመኪናዋ ፊልም፣ አምስተኛ ጀስት ማይ ላክ፣ መጨረሻ ላይ ኮንፌሽንስ ኦቭ ኤ ቲንኤጅ ድራማ ኩዊን።

ፓረንት ትራፕን አንደኛ ያደረግኩት ለትዝታ ብዬ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ስትቀረጽ 11 ዓመቷ ነበር፣ የመጀመሪያ ፊልሟም ነው። ተለያይተው ያደጉትን መንታዎች ሁለቱንም ሆናለች፣ ሃሊም እሷ፣ አኒም እሷ። አንዷ ካሊፎርኒያ ወይን እርሻ ላይ ከአባቷ ጋር ያደገች፣ ሌላዋ ለንደን ከእናቷ ጋር። መንታ ሆኖ መተወን በራሱ ከባድ ነው። ግን እነዚህ ልጆች ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ሃሊ አኒን መምሰል አለባት፣ አኒ ደግሞ ሃሊን፣ እና አንዲት የ11 ዓመት ልጅ አራት ዓይነት ሰው ሆና መናገር ነበረባት ማለት ነው፣ ያውም በሁለት የእንግሊዝኛ አነጋገር። ደግሜ ሳየው የትኛዋ የትኛዋን እያስመሰለች እንደሆነ አንዴም ግራ አልገባኝም።

አኒ አባቷን ካገኘችው በኋላ በተናገረች ቁጥር "አባዬ" እያለች የምትጨርስበት ቦታ አለ። አባትየው ለምን እንደዚያ እንደምትል ይጠይቃታል። ልጅ ሆኜ በዲሽ ኤምቢሲ ላይ ከስሩ የአረብኛ ጽሁፍ እየሄደ ነበር ያየሁት። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ግማሹን ንግግር አልያዝኩትም፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን አልቅሻለሁ። ባለፈው ቅዳሜም አለቀስኩ።

ሚን ገርልስን እወደዋለሁ። ግን ራቸል ማክአዳምስ የትምህርት ቤቱን ልጆች የምትገዛውን ሬጂናን ሆና ስትገባ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። ሌሎቹ ልጆች፣ ግሬቸንም፣ ካረንም፣ ጃኒስም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦታ ይዘዋል። ሊንዚ ጎበዝ ናት፣ ፊልሙን የተሸከመችው ግን ብቻዋን አይደለችም። ደረጃው የሷ ፊልሞች ደረጃ ስለሆነ ነው ዝቅ ያደረግኩት። ተሳስቻለሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ ከታናሽሽ ጋር ነኝ። ሚን ገርልስ አንደኛ ነው፣ ምክንያቴንም ልንገርሽ።

እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ የመጣሁት ዘጠነኛ ክፍል ልጀምር ስል ነው። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ትዝ ይለኛል። ትሪዬን ይዤ ቆሜ የት እንደምቀመጥ አላወቅኩም። ሁሉም ጠረጴዛ የራሱ ሰዎች አሉት። አንዱ ጋ ስጠጋ ቦታው ተይዟል አሉኝ። ምሳዬን ሳልበላ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ያንን ለማንም አልነገርኩም፣ እናቴ ማታ ሥራ ውላ ስትመጣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ብዬ ነው የነገርኳት። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የክፍሌ ልጅ ቤት ይህን ፊልም አየሁት። ሊንዚ የሆነቻት ኬዲ አዲስ ተማሪ ሆና ገብታ ምሳዋን ሽንት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ስትበላ ሳይ ደነገጥኩ። ይህን የጻፈው ሰው እንዴት አወቀ? ከዚያ ጃኒስ የምሳ አዳራሹን ካርታ ትስልላታለች፣ የትኛው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ። ለኔ ያን ካርታ የሚስልልኝ ሰው አልነበረም።

ስሟም አለ። የሚጻፍበትና የሚጠራበት መንገድ ስለሚለያይ እያረመች ትኖራለች። እኔ በየክፍሉ ስም ሲጠራ መምህሩ ትንሽ ዝም ካለ የኔ ተራ እንደደረሰ አውቅ ነበር።

የአፍሪካውንም ነገር ልጥቀስ፣ ምክንያቱም እዚህ ያሉ አንዳንድ ልጆች በሱ ፊልሙን ይጠሉታል። ኬዲ እንስሳት ከሚያጠኑ ወላጆቿ ጋር አፍሪካ ያደገች ነጭ ልጅ ናት፣ አፍሪካዋ ደግሞ ሜዳና አንበሳ ብቻ ናት። ይህ ያናድዳል፣ አልክድም። ግን አዲስ ተማሪ ከአፍሪካ መጥታለች ሲባል መምህርቷ ዞራ ጥቁሯን ልጅ እንኳን ደህና መጣሽ ስትላት፣ ልጅቷ ከሚሺጋን ነኝ ብላ የምትመልስበት ቦታስ? እዚያ ላይ ፊልሙ ማንን እየወቀሰ እንደሆነ ግልጽ ነው። እኔ ያንን ስህተት በየሳምንቱ አየው ነበር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ።

ሊንዚ ብቻዋን አልተሸከመችውም ያልሽው እውነት ነው፣ ግን እሷ ባትኖር አይሆንም። ፊልሙ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀስ እያለች የምትበላሸው እሷ ናት። ጥሩ ልጅ ሆና ትገባለች፣ ሬጂናን ለመበቀል ብላ እንደ ሬጂና መልበስ ትጀምራለች፣ ከዚያ መምሰሏ ቀርቶ ሆና ትገኛለች። የትኛው ቀን ላይ እንደተቀየረች መናገር አትችዪም። ይሄ ትወና ካልሆነ ምንድን ነው? ያን ጊዜ ገና 17 ዓመቷ ነበር፣ ራቸል ማክአዳምስ ደግሞ ከሷ ሰባት ዓመት ገደማ ትበልጣለች።

ሐይቅ ዳር፦

ሁለታችሁም ዘላችሁታል። አንደኛ ፍሪኪ ፍራይደይ ነው።

የአራት ኪሎዋ፣ አንቺ መመዘኛሽ የሊንዚ ትወና ከሆነ በራስሽ መመዘኛ ሁለተኛ ሊሆን አይችልም። እስቲ አስቢው። ፓረንት ትራፕ ላይ ሁለት ልጆችን ነው የሆነችው፣ እኩያዎቿን። ፍሪኪ ፍራይደይ ላይ ግን ፊልሙ ገና ብዙ ሳይሄድ የእናትና የልጅ ነፍስ ይለዋወጣል፣ ከዚያ በኋላ እሷ በልጅ ሰውነት ውስጥ የገባች የሥነ ልቦና ባለሙያ እናት ናት። ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ ስትራመድ፣ የልጆቹን አለባበስ ስታይ ፊቷ ሲኮማተር፣ መምህሩን እንደ እኩያዋ ስትገስጸው፣ በቃ እናት ናት። የኔን እናት ነው ያየሁባት። እናትየዋን የሠራችው ጄሚ ሊ ከርቲስ በፊልሙ ለጎልደን ግሎብ ታጭታለች፣ ይገባታልም። ግን አንዷ ያለ ሌላዋ አትሠራም። ከርቲስ ልጅ ስትሆን የምናምናት ሊንዚ መጀመሪያ ላይ ልጅየዋን፣ አናን፣ በደንብ ስላሳየችን ነው።

አንድ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ያንን የእናትነት ቦታ መጀመሪያ ልትሠራው የነበረችው አኔት ቤኒንግ ናት፣ ከርቲስ ዘግይታ ነው የገባችው። ሁለቱ ብዙ ለመለማመድ ጊዜ አልነበራቸውም፣ ግን ስታዩዋቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲጨቃጨቁ የኖሩ እናትና ልጅ ይመስላሉ።

የጊታሩ ቦታ ላይ ምን ትላላችሁ? እናትየዋ በልጇ ሰውነት መድረክ ላይ ቆማለች፣ ጊታር አታውቅም። ልጅየዋ በእናቷ ሰውነት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትጫወትላታለች። ሊንዚ መድረኩ ላይ የማትችለውን እየቻለች የምትመስልበት መንገድ፣ ያ ፍርሃትና ያ መገረም ፊቷ ላይ። እናቴ እንግሊዝኛ ብዙም አትሰማም፣ እኔ እየተረጎምኩላት ነው ያየነው። እዚያ ስንደርስ ተዪ አትተርጉሚ፣ ገብቶኛል አለችኝ።

ቮልስ 53፦

እኔ የመጣሁት ስለ ኸርቢ ለመናገር ነው። አራተኛ? ከፍ በል ሊባል ይገባዋል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። አባቴ ነጭ ቮልስ ነበረችው። ጠዋት አልነሳ ስትል እኔና ወንድሜ ከኋላ ገፍተን፣ ቁልቁለቱ ላይ ስትነሳ ሮጠን እንገባ ነበር። ስለዚህ 2005 የወጣውን ፊልም ሳይ፣ ቁጥር 53 የተጻፈባት ቮልስ ከቆሻሻ መጣያ ተነስታ ከእሽቅድድም መኪኖች ጋር ስትሮጥ፣ ለኔ ተረት አልነበረም። ሊንዚ እዚያ ላይ ማጊ ናት፣ ከእሽቅድድም ቤተሰብ የተወለደች፣ አባቷ ግን እንድትወዳደር የማይፈቅድላት። አባቷን ማይክል ኪተን ነው የሠራው። የአባትና የልጅ ነገሩ ጥሩ ነው። ደግሞ ከመኪና ጋር መተወን ቀላል አይደለም፣ መልስ የማይሰጥ ነገር ላይ እያየሽ ማዘን መሳቅ አለብሽ። እሷ መኪናዋን ስታናግር አምኛታለሁ። የኔ ደረጃ፦ ኸርቢ፣ ፓረንት ትራፕ፣ ፍሪኪ ፍራይደይ፣ ሚን ገርልስ። የቀሩትን ሁለቱን አላየኋቸውም።

ማታ ማታ ፊልም፦

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ስለ አሠራራቸው የማውቀውን ልጨምር፣ ደረጃ ለማውጣት ይረዳል ብዬ ነው።

ፓረንት ትራፕ አዲስ ታሪክ አይደለም። በ1961 ሃይሊ ሚልስ የሠራችበት የዲስኒ ፊልም አለ፣ ሁለቱም መነሻቸው ኤሪክ ኬስትነር የተባለ ጀርመናዊ ደራሲ ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ ነው። የ1998ቱ ለናንሲ ማየርስ የመጀመሪያ የዳይሬክተርነት ሥራዋ ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሯም ተዋናይቷም አዲስ ነበሩ። ሊንዚ ከራሷ ጋር ስታወራ ኤሪን ማኪ የምትባል ልጅ እንደ ሁለተኛዋ መንታ ሆና ከፊቷ ትቆምላት ነበር። ይህን ካወቃችሁ በኋላ መንታዎቹ ጨለማው ጎጆ ውስጥ የተቀደደውን ፎቶ የሚያገጥሙበትን ቦታ ደግማችሁ እዩት።

ሚን ገርልስ ደግሞ ቲና ፌይ የጻፈችው ነው፣ መነሻው ግን ልብ ወለድ አይደለም። ሮዛሊንድ ዋይዝማን ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች የጻፈችው የምክር መጽሐፍ ነው። ታሪክ የሌለውን መጽሐፍ ታሪክ ማድረግ ትልቅ ሥራ ነው። 17 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 130 ሚሊዮን አካባቢ አስገብቷል። አስተውሉ፣ ፍሪኪ ፍራይደይንም ሚን ገርልስንም ያዘጋጀው አንድ ሰው ነው፣ ማርክ ዋተርስ። በተከታታይ ሁለት ዓመት ሁለቱን ከሷ ጋር ሠራ። እኔ የምለው፣ ከሷ ምን እንደሚወጣ በደንብ የገባው ሰው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በአፍላነቷ እንደሱ የገባው ሌላ ዳይሬክተር አላጋጠማትም።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ከጠያቂዋ ጋር እስማማለሁ። ጀስት ማይ ላክ ላይ ክሪስ ፓይን ገና ሳይታወቅ ታዩታላችሁ፣ ድራማ ኩዊን ላይ ደግሞ ሜጋን ፎክስን። ከዚያ ያለፈ ብዙ የለም። ሊንዚ ትለፋለች፣ ጽሁፉ አያግዛትም።

የአራት ኪሎዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐይቅ ዳር፣ የጻፍሽውን ለእህቴ አነበብኩላትና ፍሪኪ ፍራይደይን ማታ ደግመን ከፈትነው። አንቺ ባልሽው ዓይን፣ እጇንና አረማመዷን ብቻ እየተከተልኩ አየኋት። እውነትሽን ነው፣ ከዚህ በፊት ሳየው ከርቲስ ላይ ብቻ ነበር የምስቀው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሽው እህቴ፣ የምሳ አዳራሹን ሳነብ ዝም አልኩ። እኔ ያደግኩበት ሰፈር እንደተቀመጥኩ ነው፣ ትሪ ይዤ የት ልቀመጥ ብዬ አላውቅም። ለዚህ ነው መሰለኝ ሚን ገርልስ ለኔ የአለባበስና የተረብ ፊልም ብቻ ሆኖ የቀረው። ሁለተኛ አድርጌዋለሁ፣ እህቴም ለጊዜው ታርቃኛለች። እና አሁን ፓረንት ትራፕ፣ ሚን ገርልስ፣ ፍሪኪ ፍራይደይ። ሐይቅ ዳር፣ አውቃለሁ፣ አሳምነሽኝ ሳለ አንድ ደረጃ አወረድኩብሽ። ትወናው ከሆነ እኩል ናቸው። ግን ፍሪኪ ፍራይደይ መጨረሻው ላይ ሰርጉ ጋ ሲደርስ ይቸኩላል፣ ልጅየዋ እንጀራ አባቷን የምትቀበልበት ነገር አንድ ንግግር ላይ አለቀ። አባቷን ላጣች ልጅ ያ በቂ አልመሰለኝም።

ሐይቅ ዳር፦

ስለ ሰርጉ ልክ ነሽ። ግን ያ ንግግር የሚነገረው በከርቲስ አፍ ነው፣ ሊንዚ እየሰማች ነው ያለችው። ስትሰማ ፊቷን እይው። አሁንም አንደኛ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ትልቋ ልጄ አሥር ዓመቷ ነው፣ እዚህ የተጠቀሱትን አንዱንም አላየችም። ከየትኛው ልጀምርላት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እማዬ፣ ሚን ገርልስ ይቆያት። እዚህም ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ወላጅ ይጠንቀቅ ተብሎ ነው የወጣው፣ የሚወራውም ለአሥር ዓመት ልጅ አይሆንም። አንደኛ ነው ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ግን ለሷ ፓረንት ትራፕን ክፈቺላት። ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ስለዚህ በጊዜ ጀምሩ። ትምህርት ቤት ወይም አገር የምትቀይሩበት ቀን ከመጣ ግን ሚን ገርልስን አብረሻት እዪው።